ክሪስቲ ሪንግ፦ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳው የኸርሊንግ ጌታ

የሊ ወንዝ ዳር (ርዕሱን የከፈተው)

በዚህ መድረክ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ያልተባለ ነገር የለም። እኔ ዛሬ የምጽፈው አብዛኞቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ስለማታውቁት ሰው ነው። ክሪስቲ ሪንግ ይባላል። ኸርሊንግ የሚባለው የአየርላንዶች ጨዋታ ካፈራቸው ሁሉ ታላቁ እሱ ነው ብዬ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ኮርክ ከተማ የሚኖር ሰው ከዚህ ስም አያመልጥም። በከተማው ካሉት ድልድዮች አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ስታዲየም ተሰይሞለታል፤ ከ2005 ጀምሮም በስሙ ውድድር ይካሄዳል። ከአየርላንድ ሲወጡ ግን የሚያውቀው የለም፤ ጨዋታው ራሱ ከአገሩና ከስደተኞቹ ሰፈር ብዙም አልወጣምና። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል። በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል፤ እስከ 145 ሜትር ይደርሳል። ዱላው የሚጠረበው አሽ ከሚባለው ዛፍ፣ ያውም ግንዱ ከሥሩ ጋር ከሚገናኝበት ከታችኛው ክፍል ነው፤ እንጨቱ እዚያ ላይ በተፈጥሮው ስለሚታጠፍ የዱላው ሰፊ ጫፍ ያንኑ መታጠፊያ ይከተላል፣ በቀላሉም አይሰበርም። ኳሷ ቆዳ የለበሰች፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ ከ110 እስከ 120 ግራም የምትመዝን ናት። በደንብ የተመታች እንደሆነ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ትምዘገዘጋለች። ከመሬት ትመታለች፣ በአየር ላይ እንዳለች ትመታለች፣ በእጅ ትቀለባለች፤ ዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጠዋትም ይሮጣሉ። የግቡ ቋሚዎች አግዳሚውን አልፈው ወደ ላይ ይዘልቃሉ። ኳሷ ከአግዳሚው ሥር ከገባች ግብ ነው፣ 3 ነጥብ ያስቆጥራል፤ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ 2-14 ተብሎ ሲጻፍ 2 ግብና 14 ነጥብ፣ በድምሩ 20 ማለት ነው።

ሪንግ በ1920 ከኮርክ ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በክሎይን መንደር አካባቢ ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ የመካኒክነት ሥራ ለመደ፤ ቀጥሎ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ፤ በመጨረሻም ለሼል ኩባንያ የነዳጅ ቦቴ ይነዳ ጀመር። በ1941 ግሌን ሮቨርስ የሚባለውን የኮርክ ከተማ ክለብ ተቀላቀለ። ለኮርክ አውራጃ ቡድን ከ1939 እስከ 1963 ተሰለፈ። አገር አቀፉን ሻምፒዮና 8 ጊዜ አሸነፈ፦ ከ1941 እስከ 1944 አራቱን በተከታታይ፣ 1946ን፣ ከዚያም ከ1952 እስከ 1954 ሦስቱን። በ1946፣ በ1953 እና በ1954 አምበል ነበር፤ ሦስት ጊዜ በአምበልነት ዋንጫውን የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በክፍላተ ሀገር መካከል በሚደረገው ሬይልዌይ ካፕ ደግሞ ለማንስተር ክፍለ ሀገር ተሰልፎ 18 ሜዳሊያ ወሰደ። የመጨረሻዋን ሲያጠልቅ ዕድሜው 42 ነበር።

ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አልተከፈለውም። ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 በተርልስ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን እስከ ዛሬም የአማተሮች ማኅበር ነው። እሑድ ደብሊን ባለው ትልቁ ስታዲየም በክሮክ ፓርክ ሰማንያ ሺህ ሰው ያጨበጨበለት ተጫዋች ሰኞ ጠዋት ቦቴው መሪ ላይ ይገኛል። ዱላውን ከመኪናው ጋቢና አያወጣም ነበር ይባላል፤ ማራገፊያ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ወይም ምሳ ሲደርስ ወርዶ ከግድግዳ ጋር ይጫወት ነበር። መጠጥ አይቀምስም፣ ሲጋራም አያጨስም። ቁመቱ መካከለኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የእጁ አንጓ ደግሞ እንደ ብረት የጠነከረ ነበር።

ትልቅነቱን ለማሳየት ሰዎች ስምንቱን ሜዳሊያ ይቆጥራሉ። እኔ ግን የምመርጠው የተሸነፈበትን ቀን ነው።

1956 ነው፤ ኮርክ ከዌክስፎርድ ጋር የፍጻሜ ጨዋታ ሊያደርግ ነው። ኮርክ ከተማ ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ በመግባቱ ጨዋታው ወደ ሴፕቴምበር 23 ተገፍቷል። ሪንግ 35 ዓመቱ ነው፤ ካሸነፈ ማንም ያላገኘውን ዘጠነኛ ሜዳሊያ ይወስዳል። ስታዲየሙ ውስጥ ከ83 ሺህ በላይ ሰው አለ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ዌክስፎርድ በሁለት ነጥብ ይመራል፤ አንድ ግብ ከገባ ኮርክ መሪ ይሆናል። በዚህ መሐል ኳሷ ሪንግ እጅ ገባች። ተከላካዮቹን አልፎ ከቅርብ ርቀት መታት። የዌክስፎርዱ በረኛ አርት ፎሊ አዳናት። ሪንግ እዚያው ቆሞ አላጉረመረመም፤ ወደ በረኛው ሄዶ እጁን ጨበጠው። ኳሷ ግን ሜዳውን አቋርጣ ኒኪ ራካርድ ዘንድ ደርሳ በሌላኛው ጫፍ ግብ ሆነች። ውጤቱ 2-14 ለ 2-8 ሆኖ ዌክስፎርድ አሸነፈ።

ፊሽካው እንደተነፋ ከዌክስፎርድ ተከላካዮች ሁለቱ፣ ኒክ ኦዶኔልና ቦቢ ራካርድ፣ ወደራሳቸው ዋንጫ ከመሄዳቸው በፊት የተሸነፈውን ሪንግን በትከሻቸው ተሸክመው ከሜዳ አወጡት። ቀኑን ሙሉ ሲቆልፉት፣ ሲገፉት፣ ዱላ ለዱላ ሲጋጩት የዋሉት ሰዎች ናቸው። እስቲ በየትኛው ስፖርት የፍጻሜ ጨዋታ አሸናፊ ተሸናፊውን ተሸክሞ ሲወጣ አይታችኋል?

—

ቁጥር አይዋሽም

ጽሑፉ ደስ ይላል፤ ግን ወንድሜ፣ "ከሁሉ ታላቁ" ለማለት ትንሽ አልቸኮልክም? የኪልኬኒው ሄንሪ ሼፍሊን በሜዳ ተሰልፎ 10 ሜዳሊያ ወስዷል። በ2012 ዘጠነኛውን ሲያገኝ የሪንግን ክብረ ወሰን ሰብሮታል፤ በ2014 አሥረኛውን ጨመረ። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ሦስት ጊዜ ተብሏል። የሪንግ ስምንት እንኳ ለብቻው አልነበረም፤ የቲፐሬሪው ጆን ዶይል በ1965 እኩል ሆኖበታል። ተሸናፊው በትከሻ መወሰዱ ልብ ይነካል፤ የሚመዘገበው ግን አሸናፊው ነው።

—

የገና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ነው። የዚህን ጨዋታ ምስል ስመለከት መጀመሪያ የታየኝ የኛው ገና ነው፤ ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ሩር፣ ሁለት ጎራ፣ ጩኸት። የኛ ሩር በአብዛኛው መሬት ለመሬት የምትሄድ ስትሆን የእነሱ በአየር ላይ መሆኑ ይለያቸዋል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው አባባላችን እዚያም ይሠራ ይሆን? ሰማንያ ሺህ ሰው ፊት በዱላ ተፋልመው ሳይቆጡ የሚለያዩ ከሆነ መልካም ሰዎች ናቸው።

—

የሊ ወንዝ ዳር

@ቁጥር አይዋሽም፦ ሼፍሊንን የሚንቅ ሰው ኸርሊንግ አያውቅም፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን የሚለካው ውድድሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። በሪንግ ዘመን አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን የዓመቱ ጉዞው አበቃለት፤ ቤቱ ይገባል። ለተሸናፊ ሁለተኛ ዕድል መስጠት የተጀመረው በ1997 ነው። ኮርክ ደግሞ ወደ ፍጻሜ ለመድረስ ማንስተርን ማለፍ አለበት፤ ቲፐሬሪ አለ፣ ሊመሪክ አለ፣ ክሌር አለ፣ ዋተርፎርድ አለ። ከ1949 እስከ 1951 ቲፐሬሪ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን ሪንግ በጉልበቱ ከፍታ ላይ ሆኖ ማንስተር ውስጥ ታግዶ ቀርቷል። በ1947 ፍጻሜ ደርሶ በኪልኬኒ የተሸነፈው በአንዲት ነጥብ ነው፤ 0-14 ለ 2-7። ሁለተኛ ዕድል ቢኖር ኖሮ የሪንግ ሜዳሊያ ስምንት ላይ ይቆም ነበር?

ውጤቶቹንም አስተያዩ። በ1953 ፍጻሜ ኮርክ ጎልዌይን ያሸነፈው 3-3 ለ 0-8 ነው። በ2024 ፍጻሜ ክሌር ኮርክን በጭማሪ ሰዓት 3-29 ለ 1-34 ረታ። በቀድሞው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው ያገቡት በአሁኑ ጨዋታ ለሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቢበቃ ነው። ያኔ ጨዋታው የሚቆየው 60 ደቂቃ ነበር፣ ዛሬ 70 ነው። ዱላው ከባድ ነበር፤ ኳሷም ዝናብ ከጠጣች ድንጋይ ትሆናለች። ሪንግ በዚያ ዘመን በሻምፒዮናው 33 ግብና 208 ነጥብ አስቆጥሯል። በአንድ የሬይልዌይ ካፕ ጨዋታ ብቻ፣ በ1959 ኮናክት ላይ፣ 4-5 አግብቷል። አንድ ሰው ለብቻው 17 ማለት እኮ ነው፣ ያውም በ38 ዓመቱ!

@የገና ልጅ፦ ይቆጣሉ፣ በደንብ ይቆጣሉ። ይህን ሌሎች ሳያነሱት አይቀሩም።

—

ሞጋች

እኔ አነሳዋለሁ። ሰውየውን ታቦት አታድርጉት። እዚያው የጠቀስከው የ1953 ፍጻሜ ላይ የጎልዌይ አምበል ሚክ ቡርክ ከሪንግ ጋር ሲፋለም ክፉኛ ተጎዳ። የጎልዌይ ሰዎች ሆን ብሎ ነው የመታው ብለው እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ነገሩ ሜዳ ላይ አላለቀም፤ ደብሊን ውስጥ ሆቴል ድረስ ተከትሎት ከጎልዌይ ተጫዋቾች ጋር ተጋጭቷል። ስለ 1956 ሁለት አንቀጽ ጽፈህ ስለዚህ ዝም ማለትህ ፍትሐዊ አይደለም።

—

የሊ ወንዝ ዳር

ያልከው ሁሉ ተጽፏል፤ አልክድም። የኮርክ ሰዎች ጉዳቱ በፍልሚያ መሐል የደረሰ ነው ይላሉ፤ የጎልዌይ ሰዎች አይቀበሉም። እኔ ሁለቱንም ወገን አዳምጬ ለመፍረድ አልደፍርም። አንድ ነገር ግን እላለሁ፦ ሪንግ ለስላሳ ሰው አልነበረም። በዚያን ዘመን አንድን አጥቂ ለማስቆም የሚላከው ተከላካይ የሚመረጠው በፍጥነቱ ሳይሆን በክብደቱ ነበር፤ ሪንግም ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እየገፋ ኖሯል። የሚሰጠውንም ያህል ይቀበል ነበር። የዌክስፎርድ ሰዎች በ1956 ያደረጉትን ትልቅ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የተሸከሙት ሲመቱትና ሲመታቸው የኖረውን ሰው ነው።

—

የድሮ በረኛ

ልጆች፣ ትልቅ ሰው ጣልቃ ሲገባ አትቆጡ። እኔ በወጣትነቴ የእግር ኳስ በረኛ ነበርኩ፤ ስለዚህ ዓይኔ የሚያርፈው አርት ፎሊ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ኸርሊንግ ውስጥ አጥቂ በረኛን ኳስ እንደያዘ ገፍቶ ግብ ውስጥ መጨመር ይፈቀድለት ነበር። ይህን ስታውቁ የበረኛውን ሥራ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ከሩቅ የተመታችውን ከፍ ያለች ኳስ ለመቅለብ ዓይንህን ወደ ሰማይ ስታነሳ ሦስት አጥቂዎች ደረትህ ላይ ለማረፍ እየሮጡ ነው። ከፊትህ ያሉት ተከላካዮች ዋና ሥራቸው ኳስ መጫወት ሳይሆን አንተን መከለል ነው። ፎሊ ቁመቱ አጭር ነበር፤ ከፊቱ የቆሙት ኦዶኔልና ቦቢ ራካርድ ግን እንደ ግንብ ነበሩ።

ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1954፣ እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ፍጻሜ ላይ ተገናኝተው ነበር። ስታዲየሙን ያጨናነቀው ሰው 84,856 ነበር፤ ይህን ያህል ሰው የተመለከተው የኸርሊንግ ጨዋታ ከዚያ በኋላ የለም። ኒክ ኦዶኔል በዚያ ጨዋታ ትከሻው አጠገብ ያለው አጥንት ተሰብሮ ወጣ፤ ተቀያሪ ገብቶ፣ መከላከያው ተበታትኖ፣ ኮርክ 1-9 ለ 1-6 አሸነፈ። ሪንግ ስምንተኛውን ያገኘው ያን ቀን ነው። እንግዲህ በ1956 ሪንግን ትከሻው ላይ ያወጣው ይኸው ኦዶኔል ነው፤ የቱን ትከሻውን እንዳዋሰው ባውቅ ደስ ባለኝ!

@ቁጥር አይዋሽም፣ ልጄ፣ ቁጥሮችህ ልክ ናቸው። ነገር ግን ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሜዳሊያ ሲቆጥር አይውልም።

—

ሰነፍ አንባቢ

ሁሉንም አላነበብኩትም፤ ይቅርታ። ስለ ብስክሌት የሆነ ነገር ከአየርላንድ ጨዋታ ጋር ተያይዞ ሰምቼ ነበር። የዚህ ሰው ነው?

—

የሊ ወንዝ ዳር

አዎ፣ የእሱው ነው። ዓመቱ 1944፣ ዓለም ጦርነት ላይ ነች። አየርላንድ ገለልተኛ ብትሆንም ቤንዚን ጠፍቷል፤ የግል መኪና ከመንገድ ላይ ወርዷል። የማንስተር ፍጻሜ በተርልስ፣ ኮርክ ከሊመሪክ። ሕዝቡ በብስክሌት ተነሣ። ከኮርክ ከተማ እስከ ተርልስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቻለ በፈረስ ጋሪ፣ ያልቻለ በእግሩ ጭምር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው "የብስክሌቱ ፍጻሜ" ይባላል።

የመጀመሪያው ቀን እኩል ተለያዩ፤ ኮርክ 6-7፣ ሊመሪክ 4-13። ተመልሰው ተገናኙ። በሊመሪክ በኩል ሚክ ማኪ አለ፤ እሱም ለብቻው ርዕስ የሚያስከፍት ሰው ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ማብቂያ ላይ ማኪ ኳሷን መረቡ ውስጥ ከተታት፤ ዳኛው ግን አስቀድሞ ለራሱ ለማኪ ቅጣት ምት ብሎ ፊሽካ ነፍቶ ነበርና ግቡ አልጸደቀም። ቅጣት ምቱ ወደ ውጭ ወጣ። ወዲያው ሪንግ ኳሷን ይዞ ሜዳውን እያቋረጠ ሮጠ፤ ከሩቅ መታት፤ ገባች። 4-6 ለ 3-6። ሊመሪኮች ስለዚያ ፊሽካ ገና ይነጋገራሉ፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልተወውም ነበር።

ሊመሪክን ሲያይ ሪንግ የሆነ ነገር ይነካው ነበር መሰለኝ። በ1956 የማንስተር ፍጻሜ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተይዞ ከዋለ በኋላ ሊያልቅ ሲል በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ሦስት ግብ አስቆጠረባቸው። ተከላካዩ ሲለፋ ውሎ መጨረሻ ላይ እንዲህ መሆኑ በእውነት ያሳዝናል።

—

የገና ልጅ

ማኪን ካነሳችሁ ያችን ፎቶግራፍ እንዴት ረሳችኋት? በ1957 ሪንግ የእጁን አንጓ ተሰብሮ ከሜዳ እየወጣ ነው፤ በግቡ አጠገብ ነጭ ካፖርት ለብሶ የቆመው የግብ ዳኛ ማን ይሁን? ራሱ ሚክ ማኪ! አንዱ ፊቱ በስቃይ ተኮሳትሯል፣ አንዱ በፈገግታ ይመለከተዋል፤ የሆነ ነገር እየተባባሉ ነው። ያን ጊዜ ምን ተባባሉ የሚለው አየርላንድ ውስጥ ስንት ዓመት ያወያየ ጉዳይ ነው። እኔ "ዕድሜ ነው ወንድሜ" ብሎት ይሆናል እላለሁ።

—

ሞጋች

"ዋጋህን አገኘህ" ብሎት ይሆናል። የ1944 ቂም አለ።

—

የሁለት ልጆች እናት

እንደምን ናችሁ። እኔ የምኖረው ኮርክ አውራጃ ነው፤ ከኢትዮጵያ ከመጣን ቆየን። ታላቁ ልጄ የሰፈሩ ክለብ ውስጥ ኸርሊንግ ይጫወታል። መጀመሪያ ዱላ ይዞ ሲሮጥ ሳይ ልቤ ነበር የሚቆመው። አሁን ለምጃለሁ። የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ አዋቂዎችም ያለ እሱ አይገቡም። አሠልጣኞቹ የሌሎች ልጆች አባቶችና እናቶች ናቸው፤ አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዷ ነርስ። ማንም አይከፈላቸውም። በዝናብ ቆመው የእኔን ልጅ ስም ከነአጠራሩ ተምረው ይጠሩታል።

ክሎይን ሄደን የሪንግን ሐውልት አሳየሁት። "እማዬ፣ እሱ የራስ ቁሩን ማን ወሰደበት?" አለኝ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ሰምተው እስኪያነቡ ሳቁ።

ለሴት ልጆችም ካሞጊ የሚባል አለ፤ ያው ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ታናሿ በሚቀጥለው ዓመት ትጀምራለች። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የውጭ አገር ዝርያ ያለው ልጅ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከፍ ብሎ ያውቃል? ልጄ ይጠይቀኛል።

—

የሊ ወንዝ ዳር

እህቴ፣ ለልጅሽ ይህን ንገሪው፦ ኮርክ ለመጨረሻ ጊዜ አገር አቀፉን ዋንጫ ሲያነሳ፣ በ2005፣ ዋንጫውን በእጁ የተቀበለው አምበል ሾን ኦግ ኦሃልፒን ነው። እናቱ ከፊጂ ናቸው። ልጅ ሆኖ ከአውስትራሊያ ነው ወደ ኮርክ የመጣው። ክሮክ ፓርክ ሰገነት ላይ ቆሞ ንግግሩን ያደረገው በአይሪሽ ቋንቋ ነበር፤ ስንቱ ተወላጅ አፉን የማይፈታበትን ቋንቋ! የዌክስፎርዱ ሊ ቺንም አባቱ ማሌዥያዊ ናቸው፤ የቡድኑም አምበል ሆኗል።

ከ2005 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ኮርክ ያንን ዋንጫ አላየም። በ2013፣ በ2021፣ በ2024፣ በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ሁሉንም ተሸነፈ። የ2025ቱ ይብሳል፤ ቲፐሬሪን በስድስት ነጥብ እየመራ ለዕረፍት ወጣ፣ ከዕረፍት መልስ ሁለት ነጥብ ብቻ አገባ። ያን ምሽት ከተማው ቀብር የዋለ ይመስል ነበር።

—

የድሮ በረኛ

ቀብር ካልክ አይቀር የሪንግ ቀብር ሊነሣ ይገባዋል። ጨዋታውን ካቆመ በኋላ ከኮርክ ቡድን ተጫዋች መራጮች አንዱ ሆኖ ነበር፤ ኮርክ ከ1976 እስከ 1978 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን እሱ ከመራጮቹ ጋር ነው። በማርች 2 ቀን 1979 ኮርክ ከተማ መንገድ ላይ እየሄደ ሳለ ልቡ ቆሞ ወደቀ። 58 ዓመቱ ነበር። ክሎይን ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገዱን ሞላው።

በመቃብሩ ላይ የተናገሩት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃክ ሊንች ናቸው። ይህ ለወግ ያህል የተደረገ የመንግሥት ንግግር አልነበረም። ሊንች የሪንግ የግሌን ሮቨርስና የኮርክ ጓደኛ ነበሩ፤ ከ1941 እስከ 1944 የነበሩትን አራት ሻምፒዮናዎች አብረው አሸንፈዋል፣ 1946ንም እንዲሁ። በመሐሉ በ1945 ሊንች በጌሊክ እግር ኳስ አሸነፉና ስድስት ዓመት በተከታታይ ሜዳሊያ ወሰዱ። አንዱ ጠበቃና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ሌላው ቦቴ ነዳ፤ ኮርክ ውስጥ ግን ከሁለቱ ማን ይበልጥ ይታወቃል ብትሉ መልሱን የሊ ወንዝ ዳር ያውቃል። ሊንች በዚያ ቀን ኸርሊንግ እስካለ ድረስ የክሪስቲ ሪንግ ታሪክ ይነገራል፣ ያም ለዘላለም ነው ብለው ነበር።

—

ቁጥር አይዋሽም

ጋሼ፣ የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ለስልሻለሁ። ግን ሪንግ ራሱ ምን ይል እንደነበር ማንም አላነሣም። ከሁሉ የሚበልጡ ተጫዋቾች ያለፉት ናቸው ማንም አይበል፤ አሁን አብረውን አሉ፣ የሚበልጡም ገና ይመጣሉ የሚል ቃል ትቷል። በራሱ አንደበት ለሼፍሊን ቦታ ለቆለታል ማለት አይደለም?

—

የሊ ወንዝ ዳር

ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገህ ተከራከርክ። ብሏል፣ ልክ ነው። ይሁንና ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ ትሕትና ማለት የቆምክበትን ቦታ ማወቅ ነው የሚል አባባልም የእሱ ነው ይባላል። የት እንደቆመ ያውቅ ነበር።

በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ፦ በ1964 ስለ እሱ የተሠራ ፊልም አለ፤ ኳስ እንዴት እንደሚያነሣ፣ ዱላውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከጎን መስመር እንዴት እንደሚመታ ራሱ ያሳያል። 43 ዓመት የሞላው ሰው ነው። የእጁን አንጓ ተመልከቱ፤ ትከሻው ሳይንቀሳቀስ ኳሷ ትበራለች።

—

ሞጋች

ስታዲየም በስሙ አለ ብለህ ነበር፤ የትኛው ነው? ትልቁ የኮርክ ስታዲየም ሌላ ስም ያለው መስሎኝ።

—

የሊ ወንዝ ዳር

ትልቁ ሌላ ነው። የእሱ ፓርክ ኢ ሪን ይባላል፣ ትንሽ ነው፤ ታሪኩ ግን አንተን ደስ ያሰኝሃል። የጌሊክ ማኅበር እስከ 1971 ድረስ አባላቱን እግር ኳስና ራግቢ እንዳይጫወቱ፣ እንዳይመለከቱም ይከለክል ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ በ1938 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ የአየርላንድንና የፖላንድን የእግር ኳስ ጨዋታ በክብር እንግድነት በመመልከታቸው ማኅበሩ ከደጋፊ አባትነታቸው አስወግዷቸዋል። ሪንግ የተጫወተበት ዘመን በሙሉ በዚህ ሕግ ሥር ነበር። ታዲያ በስሙ የተጠራው ሜዳ ቀድሞ ምን ነበር? ፍላወር ሎጅ የሚባል የታወቀ የእግር ኳስ ሜዳ! ማኅበሩ በ1989 ገዛው፣ በ1993 አድሶ በሪንግ ስም ከፈተው።